ጋሽ ቢራራና የሰማዩ አውጫጭኝ

በየከተማው አንድ፣ ሁሉን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው አለ። የሌለበት ከተማ ካለ ገና ከተማ አልሆነም፤ መብራትና ውኃ ቢገባለትም አልሆነም። ይህ ሰው ወሬ አይሰማም፤ ወሬ ያጸድቃል። በዓይናችሁ ያያችሁትን የመኪና መገልበጥ ስትነግሩት፣ የተገለበጠበትን ኩርባ፣ የሹፌሩን አገርና የጭነቱን ዓይነት እሱ ይነግራችኋል። ታማችሁ ብትተኙ፣ በሽታችሁ ከእናንተ በፊት እሱ ቤት ደርሶ ሻይ ጠጥቶ ወጥቷል። እንዲህ ያለው ሰው ከአጠገባችሁ ተቀምጦ አንድ ታሪክ ከዳር ለማድረስ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ካልሞከራችሁ ፈጣሪያችሁን አመስግኑ።

ደባርቅ ለዚህ ሹመት የመረጠችው ክቡር ጋሽ ቢራራን ነው። ጊች ተወልደው፣ ሳንቃ በር ላይ ሃያ ሰባት ዓመት የፓርክ ጥበቃ ስካውት ሆነው ጠመንጃ ተሸክመው፣ በጡረታ ደባርቅ የሰፈሩ ሰው ናቸው። ሦስት ነገር አይለያቸውም፤ የሱፍ ኮፍያቸው፣ ከዘራቸውና አንዲት ቃል። ቃሏም «ይኼማ የታወቀ ነው!» ናት። ዝናብ ዘነበ ሲሏቸው የታወቀ ነው። ዝናቡ ቀረ ሲሏቸው እሱም የታወቀ ነው። የገዱ በቅሎ ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ አነከሰች ተብሎ ሰው ሲሯሯጥ፣ እሳቸው ከተቀመጡበት ሳይነሱ የትኛው እግሯ እንደሆነ ተናገሩ። ልክ ነበሩ ብትሉኝ ደስ ባለኝ፤ አልነበሩም። ግን ማን ደፍሮ ይንገራቸው!

አንድ ጊዜ፣ ገና ሥራ ላይ ሳሉ፣ አንድ የውጭ አገር ፕሮፌሰር ሳንቃ በር ላይ ቆሞ ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ በእንግሊዝኛ አንድ ሰዓት ሙሉ አብራራ። ከእንግሊዝኛ አንዲት ቃል የማይሰሙት ጋሽ ቢራራ ከኋላ ቆመው ራሳቸውን ሲነቀንቁ ቆዩና፣ ሰውየው ሲያበቃ «ይኼማ የታወቀ ነው!» ብለው ጠመንጃቸውን ወደ ሌላው ትከሻቸው አዛወሩ።

ያን ዕለት የፕሮፌሰሩ አስጎብኚ የነበረው ያርጋል ነው። እንግዲህ በደባርቅ ምድር ያቺን ቃል ከሁሉ አብልጦ የሚጠላ ሰው ቢፈለግ፣ እሱም ያርጋል ነው።

ያርጋል ለአስጎብኚነት የተፈጠረ ልጅ ነው። ለእሱ ሥራው መንገድ ማሳየት አልነበረም፤ መንገዱንማ በቅሎዎቹም ያውቁታል። የእሱ ሥራ ማውራት ነበር። ሰው ከቦት፣ አፍ አፉን እያየ «ከዚያስ?» ሲለው ነው ደሙ የሚሞቀው። እንግዳ እንደ ድሮው መምጣቱን ከተወ ወዲህ ግን አስጎብኚነቱ ደረቱ ላይ የሚያንጠለጥላት ባጅ ብቻ ሆነች። ከአስጎብኚዎች ማኅበር ቢሮ ደጃፍ ይቀመጣል፤ ጸሐይ ይሞቃል፤ የሚያወራለት ሰው የለም። አፌ ዛገ ይል ነበር ለራሱ። ሳጥኑ የመጣለት በዚህ መሐል ነው።

በመስከረም መጨረሻ ባልና ሚስት የሆኑ እንግዶች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ብቅ አሉ። ሳንቃ በር ላይ ሦስት ቀን ጭጋግና በረዶ አገታቸው። ሰዎቹ ከሻንጣቸው የጫማ ካርቶን የምታህል ሳጥን አወጡና፣ ያርጋልን ጨምረው ድንኳን ውስጥ ሲጫወቱ ሰነበቱ። የምርመራ ጨዋታ ነው። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ ወደፊት በሚመጣ ዘመን፣ ሰማይ ላይ፣ መርማሪ ሆነው ወንጀል ያወጣሉ። ተራኪው ያዩትን ይነግራቸዋል፤ እነሱ የሚያደርጉትን ይነግሩታል፤ ነገሩ ሲያጠራጥር ባለ ነጥቡ የዕጣ ጠጠር፣ ዳይስ፣ ይጣላል። ሰዎቹ ሲሄዱ ሳጥኑን ሰጡት። «ለእኛ አልቋል፤ ሌባውን አውቀናል። ምሥጢሩ አንዴ ከታወቀ ሳጥኑ ባዶ ነው» አሉት።

ያርጋል አንድ ወር ሙሉ ቁጭ ብሎ ሳጥኑን ወደ አማርኛ መለሰው። ስድሳ አራት ገጽ መጽሐፍ፣ ሠላሳ የፍንጭ ካርድ፣ የጣቢያው ካርታና መጨረሻ ላይ የሚከፈት፣ እሱ ተርጉሞ መልሶ ያሸገው ፖስታ ነበረበት። በኅዳር ወር እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የየትናየት ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ሰው ሰበሰበ። የትናየት ራሷ አለች፤ ምሳ አብልታ ጨርሳ፣ ሽርጧን እንደታጠቀች። ባለ በቅሎው ገዱ አለ። ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠራው፣ ስትስቅ አፏን በመዳፏ የምትሸፍነው ሕሊናም አለች። ያርጋል ለሕሊና የሚያስበውን ከእሷ በቀር የማያውቅ ሰው ደባርቅ ውስጥ አልነበረም።

ጨዋታው አራት መርማሪ ይፈልጋል፤ የተገኙት ሦስት ናቸው። ያርጋል አራተኛውን ካርድ እንደያዘ ወዲያ ወዲህ ሲል፣ ከጓዳው ጥግ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ሻይ የሚጠጣ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«የጥበቃ ሹም ነው የጎደላችሁ? ይኼማ የታወቀ ነው! አምጣው።»

ክቡርነታቸው እንዲህ ገቡ። ወደ ጠረጴዛው ቀረብ ይበሉ ቢባሉ እምቢ አሉ፤ እዚያው ከሁሉ ኋላ፣ በሩን እያዩ ተቀመጡ። ወዲያው ሙግት ተጀመረ። መጽሐፉ ጣቢያው ውስጥ መሣሪያ ክልክል ነው ይላል፤ ጥይት ግድግዳውን ከበሳው አየሩ ያልቃልና።

«ሃያ ሰባት ዓመት ተሸክሜ አንድ ቀን አልተኮስኩም» አሉ ጋሽ ቢራራ። «እዚያም አልተኩስም። ግን ልያዘው።»

«ጋሼ፣ ሕጉ...»

«ተኩስ መቼ አልኩህ? ትከሻዬ ቀለለኝ ነው የምልህ!»

ሕሊና አፏን ሸፈነች። ያርጋል ጠመንጃውን ፈቀደ። የመጀመሪያው ሽንፈቱ ይህ ነው፤ ገና ታሪኩን ሳይጀምር።

ከዚያ ጀመረ። እውነት ለመናገር ልጁ ሲያወራ ያምርበታል። ኦሪን የሚባል ጣቢያ፣ ከምድር ርቆ፣ በጨለማ ውስጥ ሲጓዝ። በውስጡ አሥራ ሁለት ሰው፣ ገና ሰማንያ ዓመት የሚቀረው ጉዞ፣ አዲሲቱ ምድር ሲደርሱ የሚዘራ አንድ ሣጥን ሙሉ ዘር። የዘሩ ሣጥን አርባ ዓመት ታሽጎ ኖሮ አንድ ቀን ጠፋ። ያርጋል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የጣቢያው ሹማምንት ወሬውን ሲሰሙ ያሉትን ከመጽሐፉ አነበበ። ሐኪሟ «ማን ወሰደው?» አለች። መካኒኩ «በሩ አልተሰበረም» አለ። ወጥ ቤቱ «እኔ ከምድጃዬ አልተነሳሁም» አለ። ካፒቴኑ «እርጥበት ነክቶት እንዳይሆን» አለ።

ሰው ሁሉ ወደ ጥጉ ዞረ፤ ቃሏን ለመስማት። ጋሽ ቢራራ አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ዘጉት። ሻያቸውን ፉት አሉ።

አላወቁም! ያርጋል በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረው። ጋሽ ቢራራ የማያውቁት ነገር ተገኘ፤ የተገኘውም በእሱ ሳጥን ውስጥ ነው።

በሁለተኛው እሑድ፣ ጨዋታው እንደሚያዝዘው፣ አራቱም መርማሪዎች ሌባው ማን እንደሚመስላቸው በወረቀት ጽፈው፣ አጥፈው፣ በኤንቨሎፕ አሽገው ሳጥኑ ውስጥ ከተቱ። በመጨረሻ ይከፈታል። ጋሽ ቢራራ ጠመኔ እንደሚይዝ ሰው ብዕሩን ይዘው፣ የቄስ ትምህርት ቤት ፊደላቸውን አንድ በአንድ ሲተክሉ ሻዩ ቀዘቀዘ።

ጨዋታው በአራት እሑድ ያልቃል ተብሎ የተሠራ ነው። ሠሪዎቹ ግን ጋሽ ቢራራን አያውቋቸውም። ዳይሱን ከመጣላቸው በፊት ያማትቡበታል። መካኒኩን ሲያገኙት የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም፣ የተጠመቀበትን ደብር ይጠይቃሉ፤ መጽሐፉ ውስጥ የለማ! ያርጋል ከየት ያምጣው? ላብ እያጠመቀው ይፈጥራል። እሳቸው ይነቀንቃሉ፤ «እሺ፣ እናቱስ?» ይላሉ። ሕሊና ትስቃለች። በእሱ ብትስቅ ምን ነበረበት? የምትስቀው በጋሽ ቢራራ ነው።

በአራተኛው እሑድ፣ መጨረሻው ይነገራል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ክቡርነታቸው ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

«በቃ! ካርድ መልቀም ሰለቸኝ። አውጫጭኝ ይቀመጥ።»

«ምን ይቀመጥ?» አለ ያርጋል።

«አውጫጭኝ ነዋ! ሰዉ ሁሉ አንድ ቦታ ይሰብሰብ። ሌባው እስኪወጣ ማንም እህል አይቀምስም፣ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። ወፍ ይመረጥ፤ ያየ የሰማ ለወፏ በጆሮዋ ሹክ ይበል፤ ወፏም የነገራትን ሰው ሳታወጣ ነገሩን ብቻ ታውጣ። አያቶቻችን የጠፋ በሬ ያወጡት በዚህ ነው።»

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ የጠፈር ጣቢያ ነው። ከዛሬ ሦስት መቶ ዓመት በኋላ!»

«ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ሰው መብላት ይተዋል?»

ገዱ ጠረጴዛውን እየደበደበ «ልክ ናቸው! ልክ ናቸው!» አለ። የትናየት «ወፏ እኔ ልሁን፤ ምግብ ቤት የያዘ ሰው የማይሰማው የለም» ብላ ሽርጧን ፈታች። ያርጋል መጽሐፉን ያገላብጥ ጀመር። ስለ እሳት አደጋ ገጽ አለ። ስለ አየር ማለቅ ገጽ አለ። ከሮቦት ጋር ስለ መነጋገርም አለ። ስለ አውጫጭኝ የተጻፈ አንዲት መስመር የለም።

ምን ያድርግ? አሥራ ሁለት ሰው ሆነ። አንዱን ከአንዱ እየለየ፣ ድምፅ እየቀየረ፣ አንዴ ሐኪሟን ሆኖ በማርያም እየማለ፣ አንዴ ወጥ ቤቱን ሆኖ ወጤ አረረ እያለ፣ የተራበ ጣቢያ ሙሉ ሕዝብ ሆኖ አምስት እሑድ አወራ። ወሬው ከተማውን አዳረሰ። በስድስተኛው እሑድ አግዳሚ ወንበር ከጎረቤት መጣ። በሰባተኛው በር ላይ የቆመ ሰው ነበር።

ደስ ሊለው አይገባም? አልተባለለትማ! ሰዉ ሁሉ የሚለው «የጋሽ ቢራራ አውጫጭኝ» ነው። «ዛሬ የጋሽ ቢራራ ጨዋታ አለ» ይባባላሉ። ገበያ ውስጥ ሰው እሳቸውን አስቁሞ «መካኒኩ አመነ ወይ?» ይላቸዋል፤ ሳጥኑን ያመጣው፣ የተረጎመው፣ ያላበው ያርጋል ከጎን ሽንኩርት እየመረጠ ይሰማል። ሕሊና እንኳ፣ ሕሊና! እሑድ ከደጅ ሲያገኛት ሰላምታ ሳይቀድም «ጋሽ ቢራራ መጡ?» ትለው ጀመር። እግዚኦ፣ እኔ በአንድ ሽማግሌ ልቅና? ይላል። ደግሞም ይቀናል።

ነገሩ የተበጠሰው በስምንተኛው ሳምንት፣ ወደ ዳባት በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። አጠገቡ የተቀመጠ የማያውቀው ሰው ለጎረቤቱ ያወራል።

«ደባርቅ አንድ ጡረተኛ ስካውት አሉልህ፤ ሰማይ ላይ አውጫጭኝ አስቀምጠው ፈረንጆቹን ምሳ ከልክለው! በሳቅ ነው የምትሞተው።»

ያርጋል አልቻለም። «ታሪኩን የሚያወራውስ ማን ነው?» አለ።

«እሱንማ እንጃ። አንድ ልጅ መጽሐፍ ያነብላቸዋል አሉ።»

አንድ ልጅ! መጽሐፍ ያነብላቸዋል! ያርጋል ዳባት ለምን እንደሄደ ረሳ። የቀረችለት አንዲት ነገር ማውራት ነበረች፤ እሷንም ሽማግሌው ወሰዱበት። እንግዲያው ይለይለት አለ። በሚመጣው እሑድ ሳጥኑ ይዘጋል፤ ከመዘጋቱ በፊት ግን ክቡር ጋሽ ቢራራ በሕዝብ ፊት ይሳሳታሉ። እንዴት አድርጎ እንደሚያሳስታቸው እስከ ደባርቅ ሲመለስ አሰበበት።

ዘጠነኛው እሑድ ጓዳው ሞላ። ያርጋል መጽሐፉን ገልጦ፣ በጣቢያው የውኃ ጋን ውስጥ ያለው ውኃ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እንደሚጎድል አነበበ። ይህ መጽሐፉ ውስጥ ያለ ነው። ቀጥሎ ቀና አለና፣ «ወጥ ቤቱ ሲፈተሽ» አለ፣ «ከኪሱ የገብስ ገለባ ወጣ።»

ይህ መጽሐፉ ውስጥ የለም። የያርጋል ነው።

ጓዳው ተንጫጫ። «እሱ ነው! ድሮም አላመንኩትም!» አለች የትናየት። ሁሉም ወደ ጥጉ ዞረ። ያርጋል ቃሏን ጠበቀ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠላት የኖረውን ቃል ያን ቀን እንደ ደጅ ጠኚ ጠበቃት። ይበሉ እንጂ፣ ይኼማ የታወቀ ነው ይበሉ!

ጋሽ ቢራራ ልጁን ትክ ብለው አዩት። ረጅም አዩት። «ይቆየኝ» አሉ።

በዚህ መሐል ሕሊና ጣቷን በካርታው ላይ እያስኬደች ቆየችና «ቆይ» አለች። «ውኃው የሚጎድለው በቀን ሦስት ኩባያ ነው። ለአንድ ሰው መጠጥ ያንሳል፤ ለመታጠቢያም አይሆን። ለችግኝ ግን ይበቃል። ቁልፍ ያለው ክፍል ደግሞ የአንድ ሰው ብቻ ነው። ካፒቴኑ ነው! አልሸጠውም፣ አልበላውም፤ ዘርቶታል!»

ያርጋል ምርጫ አልነበረውም። የታሸገውን ፖስታ ቀደደና አነበበ። ካፒቴኑ ነበር። ዘሩ በሣጥን ውስጥ እያረጀ መሆኑን አውቆ፣ ሰማንያ ዓመት ቢጠበቅ እንደማይበቅል ገብቶት፣ በተቆለፈ ክፍሉ ውስጥ በአንድ መብራት ሥር ሲያበቅለው ነበር። ሰዉ አጨበጨበ። ሕሊና ቀላች።

«የተጻፈው ይከፈት!» ተባለ። ያርጋል ኤንቨሎፖቹን አወጣ። የትናየት ወጥ ቤቱን ጽፋለች። ገዱ መካኒኩን። ሕሊና ሐኪሟን። የመጨረሻውን ሲከፍት ያ የቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ተደርድሮ ቆመ። «ካፒቴኑ ነው። ቢራራ።»

ሰዉ ወረቀቱን ለማየት ተጋፋ።

«በሁለተኛው እሑድ ያውቁ ነበር?» አለች ሕሊና።

«በመጀመሪያው» አሉ ጋሽ ቢራራ፣ የጥፋተኛ ድምፅ ይዘው። «እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ዘሩ የጠፋበት ሰው ማን ወሰደው ይላል። እርጥበት ነክቶት እንዳይሆን የሚል፣ ያለበትን ቦታ የሚያውቅ ነው። ስለ ዘሩ ጤንነት ነው የተጨነቀው።»

«ታዲያ አውጫጭኙ? አምስት እሑድ ሙሉ?» አለ ያርጋል። «ለምን ዝም አሉ?»

ጋሽ ቢራራ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ሃያ ሰባት ዓመት ከእንግዳ ኋላ ሄድኩ» አሉ። «አስጎብኚው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። እናንተ ቆም ትሉና ታወራላችሁ። ፈረንጆቹ አንዴ ይስቃሉ፣ አንዴ አፋቸውን ይይዛሉ። አንተማ አንድ ቀን፣ ጊች አፋፍ ላይ፣ ሴትዮዋን አስለቀስካት። የተወለድኩበት አገር ነው! ስለሱ ተወርቶ ሰው ሲያለቅስ እኔ ምን እንደተባለ አላውቅም። ይኼማ የታወቀ ነው እላለሁ። ያልገባው ሰው ሌላ ምን ይላል? ቀናሁ፣ ልጄ። በአስጎብኚ ሁሉ ቀናሁ፤ በአንተ ግን አብልጬ፤ ባንተ ወሬ ነበር አብዝተው የሚስቁት።» ኮፍያቸውን አስተካከሉ። «አሁን በስተርጅና በገዛ ቋንቋዬ ስታወራ አገኘሁህ። ታዲያ ሌባው ይኼ ነው ብዬ በመጀመሪያው ቀን አፍህን ላስዘጋህ?»

ያርጋል ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ዘጠኝ እሑድ ሙሉ በእሳቸው ሲቀና፣ ሰውየው ሃያ ሰባት ዓመት ቀድመውት ነበር። ሰዉ ሲንጫጫ ወደ ጥጉ ሄደና ጎንበስ አለ።

«ጋሼ» አለ ለእሳቸው ብቻ፣ «ያ ገለባ... ከወጥ ቤቱ ኪስ የወጣው...»

«ይኼማ የታወቀ ነው» አሉት፣ ማንም ሳይሰማ፣ እጁን መታ መታ አድርገው። «ስታነብ ዓይንህ ወረቀት ላይ ነው። ያን ስትል ግን እኔን ነበር የምታየው።»

ሳጥኑ አለቀ። እንግዶቹ ምሥጢሩ ከታወቀ ባዶ ነው እንዳሉት፣ የትናየት የሻይ ቅጠል አስቀመጠችበት።

በሚቀጥለው እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ያርጋል ባዶ እጁን መጣ። ሕሊና ደጁ ላይ ቆማለች። ሰላም ሳይላት፣ «ጋሽ ቢራራ መጡ?» አላት።

«ደኅና ዋልሽ ይባላል መጀመሪያ!» አለችው፤ አፏንም ሳትሸፍን ሳቀችበት። በእሱ ነበር የሳቀችው፤ እሱ ግን ልብ አላለውም፤ መንገድ መንገድ እያየ ነበር።

ሰዉ ገብቶ ተቀምጦ ጀምር እንጂ ቢለው አልጀመረም። ግማሽ ሰዓት ቆይተው ክቡርነታቸው ከዘራቸውን እያስቀደሙ ገቡና ወደ ለመዱት ጥግ፣ ወደ ኋላ ሊያልፉ ሲሉ፣ ያርጋል መንገድ ዘጋባቸው። ወንበር ስቦ ከሁሉ ፊት አደረገው።

«ዛሬ እዚህ ይቀመጡ፣ ጋሼ። ያቺ ሴትዮ ያለቀሰችበትን ነው የማወራው።»

ጋሽ ቢራራ ወንበሩን አዩ፤ ልጁን አዩ። ከኋላ ገዱ፣ ሊመጣ ያለውን ቃል ከእሳቸው ቀድሞ፣ «ይኼማ...» ብሎ ጀመረላቸው። ሰዉ ሳቀ።

እሳቸው አልሳቁም። ተቀመጡ፤ ኮፍያቸውንም አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«እሱን አላውቀውም» አሉ። «ንገረኝ።»